በታየ ወፍና በተራባ ወፍ መካከል፦ በእንጦጦና በየካ ኮረብታዎች የአዕዋፍ ጎጆ ምልከታ

አጽሕሮተ ጥናት

በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ አዲስ አበባ በሚገኙት የእንጦጦና የየካ ኮረብታዎች የባሕር ዛፍ ደንን በአገር በቀል ዛፎች የመተካት ሥራ እየተካሄደ ነው። የተተከለው ችግኝ ብዛትና የታዩት አዕዋፍ ዝርዝር የሥራው ፍሬ መለኪያ ተደርገው ሊወሰዱ ይችላሉ። ይህ መጣጥፍ ሁለቱም መለኪያዎች ኮረብታው ለአዕዋፍ መራቢያ መሆን አለመሆኑን ለመናገር እንደማይበቁ ያስረዳል። ለዚህ የሚበቃው መረጃ የጎጆ ምልከታ ነው። መጣጥፉ በመጀመሪያ የመመገቢያና የመራቢያ ስፍራን ልዩነት ያሳያል፤ ቀጥሎ በኮረብታዎቹ ላይ የሚገኙትን ሦስት ዓይነት የጎጆ ስፍራዎች ይመረምራል፤ በመጨረሻም ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚያገለግል የምልከታ ዘዴና ለደን አያያዝ የሚሰጠውን ትምህርት ያቀርባል።

1. መግቢያ

የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ የአዋሽንና የዓባይን ተፋሰሶች የሚለይ ሸንተረር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መናገሻቸውን በዚህ ተራራ ላይ ባደረጉ ጊዜ የነበረው የጥድና የወይራ ደን በማገዶና በቤት መሥሪያ ፍጆታ ፈጥኖ ተመናምኗል። ከተማዪቱ ወደ ታች ወርዳ አዲስ አበባ ከተባለች በኋላ የእንጨት እጦቱ ስለጸና በ1890ዎቹ አጋማሽ ነጭ ባሕር ዛፍ ከውጭ ገባ። ዛፉ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥና በጥቂት ዓመታት ለአጣና የሚደርስ በመሆኑ በአጭር ጊዜ ውስጥ ኮረብታዎቹን ሸፈነ። ከዚያ ወዲህ የአዲስ አበባ ነዋሪ «የእንጦጦ ጫካ» ሲል በአብዛኛው የባሕር ዛፍን ጫካ ማለቱ ነው።

የአገር በቀል ደንን የመመለሱ ጥረት የተለያዩ ምዕራፎች አሉት። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእንጦጦ የተፈጥሮ ፓርክን ማልማት ጀመረ። በስተ ምዕራብ ባለው የሸንተረሩ ክፍል የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል በ705 ሄክታር ላይ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2019 አገር አቀፉ የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ተጀመረ፤ በ2020 ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ለሕዝብ ተከፈተ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 በመላው አገሪቱ ለይቶ ካሳወቃቸው 69 ለአዕዋፍ ጠቃሚ የሆኑ ስፍራዎች መካከልም እንጦጦ ይገኝበታል።

ይህ ሁሉ ሲታይ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ደኑ ሲለወጥ በውስጡ የሚራቡት አዕዋፍ ጨምረዋል ወይስ ቀንሰዋል? የታዩ ወፎችን መቁጠር ብቻውን ለዚህ መልስ አይሰጥም።

2. ጎጆ ምንድን ነው?

በአማርኛ «ጎጆ ወጣ» የሚባለው ትዳር ይዞ ከወላጆቹ ተለይቶ በራሱ ቤት መኖር ለጀመረ ሰው ነው። ይህ አነጋገር ጎጆን ከቋሚ መኖሪያ ጋር ያያይዛል። በአብዛኞቹ አዕዋፍ ዘንድ ግን ጎጆ መኖሪያ ሳይሆን አልጋ ነው። እንቁላል ይጣልበታል፣ ይታቀፍበታል፣ ጫጩት ያድግበታል፤ ጫጩቱ ለመብረር ሲበቃ ይተዋል። ወላጆቹም ቢሆኑ ከመራቢያው ወቅት ውጭ የሚያድሩት በአመዛኙ በቅርንጫፍ፣ በቁጥቋጦ ወይም በገደል ላይ ነው።

ይህ ልዩነት የቃላት ብቻ አይደለም። ወፍ ለመብላትና ለማደር ብዙ ዓይነት ስፍራ ሊበቃው ይችላል፤ ለጎጆ የሚመርጠው ስፍራ ግን ጠባብ ነው። እንቁላሉን ከአዳኝ፣ ከዝናብና ከሌሊት ቁር የሚጋርድ፣ ምግብ ወደሚገኝበትም የሚያደርስ መሆን አለበት። በመሆኑም አንድ ዝርያ በአንድ አካባቢ ለረጅም ዓመታት እየታየ በዚያው አካባቢ ግን ላይራባ ይችላል። ከሌላ ስፍራ እየመጡ ቁጥሩን የሚሞሉ ወፎች እስካሉ ድረስ የቆጠራው መዝገብ ጉድለቱን አያሳይም።

3. የመመገቢያና የመራቢያ ስፍራ መለያየት

ለዚህ በኢትዮጵያ የታወቀው ምሳሌ የሻላና የአብያታ ሐይቆች ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኤሚል አርባን ከሌስሊ ብራውን ጋር በመሆን በሻላ ሐይቅ የሚራባውን ነጭ ፔሊካን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1969 አሳትሟል። ወፎቹ የሚራቡት የብስ አዳኝ በማይደርስባቸው የሻላ ደሴቶች ላይ ነበር። ሻላ ጥልቅና ዓሣው ጥቂት የሆነ ሐይቅ በመሆኑ ግን ምግባቸውን ለማግኘት ወደ ጎረቤቱ አብያታ ይበሩ ነበር። የአብያታ ውኃ ሲቀንስና ጨዋማነቱ ሲጨምር ዓሣው ተመናመነ፤ ጉዳቱም በሻላ ደሴቶች ላይ ወዳለው የመራቢያ ስፍራ ተሻገረ። ከሁለቱ ሐይቆች አንዱን ብቻ የሚመለከት ተመራማሪ የነገሩን ግማሽ ብቻ ያያል።

በአዲስ አበባም ተመሳሳይ መለያየት በየዕለቱ ይታያል። በአንገቱ ሥር ሥጋዊ እንጥልጥል ያለው አይቢስ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋማ ስፍራዎች ብቻ የሚገኝ ወፍ ነው። ጠዋትና ማታ በቡድን እየጮኸ በከተማዋ ላይ ሲያልፍ የማይሰማው ነዋሪ የለም። ቀን በየሣር ሜዳው ረጅም መንቁሩን እየሰካ ትል ይለቅማል። ሲራባ ግን በዋነኛነት የሚፈልገው ቁጥቋጦ የበቀለበት ገደል ነው፤ በዚያም በቡድን ጎጆውን ይሠራል። በዛፍና በሕንፃ ክፈፍ ላይ የሚሠራበት ጊዜ ቢኖርም ገደሉ ዋነኛው ነው። ስለዚህ በየካ ሜዳዎች ላይ የተቆጠረ አይቢስ ስለ ሜዳው የምግብ ሀብት ይመሰክራል እንጂ የወፉን የወደፊት ዕጣ አይናገርም።

ነገሩ በአዕዋፍ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ሌሊት በከተማዋ ዳርቻ ቆሻሻ ሲፈልግ የሚታየው ጅብ ግልገሎቹን የሚያሳድገው በዋሻና በጉድጓድ ውስጥ ነው። ግልገሎቹ ለብዙ ወራት ከጉድጓዱ አይርቁም። የጅብ ቁጥርን ለማወቅ ለሚሻ ተመራማሪ ከመቶ የሌሊት ዕይታ ይልቅ ግልገል ያለበት አንድ ጉድጓድ የበለጠ ያስረዳዋል።

4. በኮረብታዎቹ ላይ ያሉ ሦስት የጎጆ ስፍራዎች

4.1 ገደልና ግንብ

አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው የደጋ እርግብ፣ በሳይንሳዊ መጠሪያው ኮሉምባ አልቢቶርኩዌስ፣ በተፈጥሮው የገደል ወፍ ነው። ከከተማ ጋር መላመድ የቻለው የሕንፃ ክፈፍና የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሥር ለእርሱ እንደ ገደል ስለሚያገለግለው ነው። ስለዚህ ግንባታ በበዛ ቁጥር የጎጆ ስፍራው ይሰፋል። የዚህ እርግብ መብዛት የደን ማገገም ምልክት ተደርጎ እንዳይወሰድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል በእንጦጦ ሸንተረር ላይ ያሉት የተፈጥሮ ገደሎች ከሰው የሚርቁ ትልልቅ አዕዋፍ ምትክ የሌላቸው ስፍራዎች ናቸው። ገደል እንደ ችግኝ አይተከልም፤ ድንጋይ ለማውጣት የተፈረሰ ገደል አይመለስም።

4.2 የዛፍ ሽንቁር

ጥቁር ክንፍ ያለው ትንሹ በቀቀን፣ አጋፖርኒስ ታራንታ፣ እንቁላሉን የሚጥለው በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ነው። የሐበሻ ግንደ ቆርቁርም ሽንቁሩን በሞተ ወይም በበሰበሰ እንጨት ላይ ራሱ ይፈለፍላል። ግንደ ቆርቁር ትቶት የሄደው ሽንቁር ራሳቸው መፈልፈል ለማይችሉ ዝርያዎች መኖሪያ ሊሆን ይችላል። የአንዱ መራባት በሌላው ላይ የሚመሠረተው በዚህ መንገድ ነው።

ሽንቁር የዕድሜ ውጤት ነው። ቅርንጫፍ ይሰበራል፣ ፈንገስና ነፍሳት ይገቡበታል፣ ግንዱ ቀስ በቀስ ይቦረቦራል። በእንጦጦ ለአጣና በየጥቂት ዓመቱ የሚቆረጥ ባሕር ዛፍ ወደዚህ ዕድሜ አይደርስም። እዚህ ላይ ግን ጥፋቱን ሁሉ በዛፉ ዝርያ ላይ መጫን ስሕተት ነው። በትውልድ አገሩ በአውስትራሊያ ነጭ ባሕር ዛፍ የአዕዋፍ ባለውለታ ነው። ለመጥፋት የተቃረበው ፈጣኑ በቀቀን፣ ላታመስ ዲስኮለር፣ በታዝማኒያ የዚህን ዛፍ የአበባ ወለላ እየጠጣ በአሮጌ ዛፎች ሽንቁር ውስጥ ይራባል። በዚያች አገር በባሕር ዛፍ ላይ ለትልልቅ እንስሳት የሚበቃ ሽንቁር ለመፈጠር በአብዛኛው ከመቶ ዓመት በላይ ይወስዳል። በአዲስ አበባ ያለው አንጋፋ ባሕር ዛፍ እንኳ ዕድሜው ከ130 ዓመት ብዙም ሊበልጥ አይችልም፤ በኮረብታው ላይ ያለው አብዛኛው ግንድ ደግሞ ወጣት ነው። ስለዚህ የጎጆ እጦቱ ምክንያት የዛፉ ባዕድነት ብቻ ሳይሆን ዛፉ እንዲያረጅ አለመፈቀዱም ነው።

ይኸው አስተያየት በአገር በቀል ችግኝ ላይም ይሠራል። ዛሬ የተተከለ ጥድ የገዛ ሽንቁሩን እስኪያበጅ የተካዮቹ የልጅ ልጆች ያረጃሉ። በመካከሉ ያለውን ረጅም ዘመን የሚሞሉት ከቀድሞው ደን የተረፉት አሮጌ ዛፎች ናቸው። እነዚህ በአብዛኛው የሚገኙት እንደ እንጦጦ ማርያም፣ እንጦጦ ራጉኤልና የካ ሚካኤል ባሉ አድባራት ቅጽር ውስጥ እንዲሁም በየካ ክፍለ ከተማ ባሉት እንደ እንግሊዝና ፈረንሳይ ኤምባሲዎች ባሉ ሰፋፊ ግቢዎች ነው። ለንጽጽር የሚሆን የቆየ የጥድ ደን የሚፈልግ ተማሪ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን ያገኛል።

4.3 ቁጥቋጦና የደን ወለል

ብዙ አዕዋፍ ጎጆአቸውን የሚሠሩት ከሰው ቁመት ባልበለጠ ከፍታ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የሐበሻ ካትበርድ በጥድ፣ በኮሶና በአምጃ መካከል ባለ ጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ይኖራል። ቆቅ ደግሞ እንቁላሏን በመሬት ላይ፣ በሣርና በቅጠል በተከለለ ስርጉድ ውስጥ ትጥላለች። ቀጋና አጋም ያሉበት እሾሃማ ጥሻ ለሰው የማይመች ቢሆንም ለጎጆ ጥሩ መከለያ ነው።

በነጠላ ዝርያ የተሸፈነ የባሕር ዛፍ ደን ወለል ብዙ ጊዜ ገላጣ ነው። በእንጦጦ ይህን የሚያብሰው ለማገዶ የሚካሄደው ቅጠል ጠረጋና ጭራሮ ለቀማ ነው። ሸክሙን በጀርባቸው ይዘው ከተራራው የሚወርዱት እንጨት ለቃሚ ሴቶች ለዕለት ጉርሳቸው የሚደክሙ በመሆናቸው ጉዳዩ በክልከላ ብቻ አይፈታም። ነገር ግን የተጠረገ ወለልና ያልተጠረገ ወለል በጎጆ ብዛት የሚለያዩበትን መጠን ማወቅ የትኛው ስፍራ በየትኛው ወር ዕረፍት እንደሚያስፈልገው ለመደራደር ይረዳል።

5. የምልከታ ዘዴ

የመጀመሪያው ተግባር ማስረጃን በደረጃ መለየት ነው። በአውሮፓ የመራቢያ አትላሶች ሥራ ላይ የዋለው አከፋፈል ሦስት ደረጃ አለው። በመራቢያ ወቅትና በተስማሚ ስፍራ የታየ ወይም የዘመረ ወፍ «ሊራባ የሚችል» ይባላል። ጥንድ ሆኖ ክልሉን የሚከላከል ወይም የማማለል ትርዒት የሚያሳይ ወፍ «የሚራባ የሚመስል» ይሆናል። እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበት ጎጆ ሲገኝ፣ ወላጅ ምግብ በመንቁሩ ይዞ ሲገባ ወይም የጫጩትን ኩስ ይዞ ሲወጣ «መራባቱ የተረጋገጠ» ተብሎ ይመዘገባል።

ሁለተኛው ወቅትን መምረጥ ነው። በአዲስ አበባ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ የበልጉ ዝናብ ደግሞ ከየካቲት ጀምሮ ይጥላል። የአዕዋፍ መራባት ምግብ ከሚበዛበት ጊዜ ጋር የተያያዘ ነው፤ ነፍሳት የሚመገበው፣ ዘር የሚለቅመውና ሥጋ በሉው ግን ተመሳሳይ ወር አይመርጡም። ስለዚህ በአንድ ወቅት ብቻ የተካሄደ ጉብኝት ከፊሉን ማኅበረሰብ ያስቀራል። ዓመቱን ሙሉ በየወሩ መጎብኘት ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የሚቻል ሥራ ነው።

ሦስተኛው ስሌቱ ነው። ከተገኙት ጎጆዎች ስንቱ ፍሬ አፈራ ብሎ በመቶኛ ማስላት ቀላል ቢመስልም ያሳስታል። ቀድሞ የፈረሰ ጎጆ ለተመልካች ስለማይታይ ከሚገኙት መካከል የሚበዙት በሕይወት የቆዩት ናቸው። ይህን ያረመው የኪርትላንድ ዋርብለር የተባለውን የሰሜን አሜሪካ ወፍ ያጠና የነበረው ሃሮልድ ሜይፊልድ ነው፤ ዘዴውንም እ.ኤ.አ. በ1961 አሳተመ። እርሱ የቆጠረው ጎጆን ሳይሆን ጎጆ በምልከታ ሥር የቆየበትን ቀን ነው።

በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ አንድ ተማሪ 40 ጎጆዎች አግኝቶ 24ቱ ጫጩት አስበረሩ እንበል። በተለመደው ስሌት ውጤቱ 60 በመቶ ነው። ጎጆዎቹ የተገኙት ዘግይተው በመሆኑ በአማካይ ለ10 ቀን ብቻ ተመልክቷቸው ከሆነ በድምሩ 400 የጎጆ ቀናት አሉ። በእነዚህ ቀናት 16 ጎጆዎች ስለጠፉ የአንድ ቀን የመጥፋት ዕድል 16 ለ400፣ ማለትም 0.04፣ የመትረፍ ዕድል ደግሞ 0.96 ነው። እንቁላል ከመጣል እስከ መብረር 28 ቀን የሚወስድ ዝርያ ከሆነ 0.96 በራሱ 28 ጊዜ ሲባዛ 0.32 ገደማ ይሆናል። ትክክለኛው ውጤት 60 ሳይሆን ወደ 32 በመቶ ይጠጋል። በሁለቱ አኃዞች መካከል ያለው ልዩነት አንድ የአዕዋፍ ሕዝብ ራሱን የሚተካ መሆን ወይም አለመሆኑን ሊወስን ይችላል።

አራተኛው ንጽጽር ነው። በእያንዳንዱ ጎጆ ዙሪያ የዛፉ ዝርያ፣ የግንዱ ዙሪያ ልክ፣ የጎጆው ከፍታ፣ የቁጥቋጦው ጥግግትና ከእግር መንገድ ያለው ርቀት ይመዘገባል። ተመሳሳይ ልኬት ጎጆ በሌለባቸውና በዕጣ በተመረጡ ነጥቦች ላይም መወሰድ አለበት። ጎጆ ያለበት ስፍራ ብቻ ከተለካ ወፉ ምን እንደመረጠ ሳይሆን በዚያ ምን እንዳለ ብቻ ይታወቃል። የሽንቁር እጦት መራባትን ይገድባል የሚለውን መላ ምት ደግሞ በሙከራ መፈተን ይቻላል። በአንዳንድ መደቦች ላይ ሰው ሠራሽ የጎጆ ሣጥን ሰቅሎ፣ ሌሎችን እንዳሉ ትቶ፣ ለተከታታይ ወቅቶች ማወዳደር በቂ ነው።

6. የተመልካቹ ጫና

ጎጆን የሚጎበኝ ሰው ራሱ አደጋ ሊሆን ይችላል። ቁራና ጦጣ የሰውን እንቅስቃሴ ይከታተላሉ፤ ሸለምጥማጥም በተረገጠ ሣርና በሽታ ጎጆውን ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ጉብኝቱ በሦስት ወይም በአራት ቀን አንድ ጊዜ ይሁን፤ አካሄዱም ጎጆው ላይ የሚያበቃ ሳይሆን አልፎ የሚሄድ ይሁን። በርቀት በመነጽር ማየት ከተቻለ መቅረብ አያስፈልግም፤ ከፍ ላለ ጎጆ በዘንግ ላይ የታሰረ መስተዋት ይበቃል። በዝናብና በእንጦጦ ብርዳማ ማለዳ የታቀፈችን ወፍ ማስነሣት እንቁላሉን ለሞት ሊዳርግ ስለሚችል ሊቀር ይገባል። የጎጆ ትክክለኛ ቦታ በሕትመት ላይ መውጣት የለበትም፤ በተለይ ለንግድ የሚፈለጉ እንደ በቀቀን ያሉ ዝርያዎች ሲሆኑ። በደብር ቅጽር ውስጥ የሚሠራ ተማሪ ከተቋማዊ ፈቃድ ሌላ የደብሩን አስተዳዳሪ ይሁንታ ማግኘትና የጸሎት ሰዓትን ማክበር ይጠበቅበታል።

7. ለደን አያያዝ የሚሰጠው ትምህርት

ከላይ ከተባለው አራት ተግባራዊ ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ቆሞ የደረቀ ዛፍ የማገዶ ክምችት ብቻ አይደለም፤ የግንደ ቆርቁርና የተከታዮቹ ቤት በመሆኑ አደጋ እስካላስከተለ ድረስ መተው አለበት። ሁለተኛ፣ በፓርክ ውስጥ ዕይታን ለማስዋብ ቁጥቋጦ ሲመነጠር የሚጠፋው የዝቅተኛ ጎጆ ስፍራ ስለሆነ ያልተመነጠሩ ጥሻዎች በየመካከሉ መቅረት አለባቸው።

ሦስተኛ፣ ባሕር ዛፍን በአንድ ጊዜ ጠርጎ መቁረጥ ለአንዳንድ ዝርያዎች ጉዳት አለው። እንደ ባለ ቢጫ መንቁር ጭልፊት ያሉ ወፎች ለጎጆ ረጅም ዛፍ ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ የተመደበው ባለ ቆብ ጥንብ አንሳም እንዲሁ በረጅም ዛፍ ላይ አንድ እንቁላል ብቻ ይጥላል፤ ከመታቀፍ እስከ መብረር ያለው ጊዜም ከአራት ወር በላይ ይወስዳል። በዚህ መካከል የተቆረጠ ዛፍ የአንድ ጥንድ የዓመት ድካም ያስቀራል። ሌላ ረጅም ዛፍ በሌለበት ኮረብታ ተተኪዎቹ እስኪያድጉ ድረስ ጥቂት አንጋፋ ባሕር ዛፎችን ማቆየት የአገር በቀል ደን ዓላማን አይቃረንም። አራተኛ፣ ከማንኛውም ቆረጣ ወይም የመንገድ ሥራ በፊት ጥቂት ቀናት የሚወስድ የጎጆ ፍተሻ ቢካሄድ ወጪው ከጥቅሙ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

8. መደምደሚያ

የእንጦጦና የየካ ኮረብታዎች በአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ገጽታቸው ተለውጧል፤ አሁን ሦስተኛው ለውጥ ላይ ናቸው። ይህ ለውጥ ለአዕዋፍ ምን እንዳመጣ ለማወቅ የዝርያ ዝርዝር ማስረዘም አይበቃም። የታየ ወፍ ከየትም ሊመጣ ይችላል፤ ጫጩት ያስበረረ ጎጆ ግን ስፍራው ምግብ፣ መከለያና በቂ ዕረፍት እንደሰጠ በአንድነት ይመሰክራል። በየአድባራቱ፣ በየኤምባሲው ግቢ፣ በባሕር ዛፉና በአዲሱ ተከላ ውስጥ በአንድ ዓይነት ዘዴ ለጥቂት ዓመታት የሚካሄድ የጎጆ ምዝገባ ለቀጣዩ ትውልድ ተመራማሪ መነሻ ይሆናል። ያ መነሻ ዛሬ ካልተያዘ ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተማሪ ጥዱ ማደጉን ያያል እንጂ በጥዱ ሥር ምን እንደነበረና ምን እንደጠፋ የሚያነጻጽርበት መዝገብ አይኖረውም።